ያልተረጎምኳት መዥገር

ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ ጀምሬላቸው ነበር፤ ግማሽ ላይ ስደርስ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ በዚያው ቀረ። ችግሬ ይሄ ነው፤ አፌን ስከፍት ሰው ለመሳቅ ይዘጋጃል። ለቅሶ ቤት ስገባ እንኳ ሐዘንተኞቹ «ደሴ ምን ሊል ነው» ብለው ቀና ይላሉ። እናንተ ግን አታውቁኝም። ለዚህ ነው ለእናንተ የምናገረው። እየሰማችሁኝ ከሳቃችሁ ጠርጥሩኝ። እኔ ሰው የማስቀው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ልሸሽግ ስል ነው።

ጋሼ ሙሉጌታን ለበሽታ የዳረግኳቸው እኔ ነኝ። መርዝ አላበላኋቸውም። በመኪናም አልገጨኋቸውም፤ አነዳዴን የሚያውቅ ሰው ይህንን ቢጠረጥር ግን አልቀየመውም። እኔ ያደረግኩት አንድ መልእክት ማስቀረት ነው። ንገር የተባልኩትን አልነገርኩም። በኋላ ደግሞ የግድ መናገር ያለብኝ ሰዓት መጣ፤ ያኔም አልተናገርኩም። ምነው ዝም ብዬ ብቻ በቀረሁ። ዝምታዬ እንዳይታወቅብኝ ብዬ እሳቸውን ጠረጠርኩ፣ ሌላውም ሰው እንዲጠረጥራቸው አደረግኩ።

ጋሼ ሙሉጌታ የባለቤቴ የሰብለ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባታቸው በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሲቲዝን እንደሆነች ፕሮሰስ ጀመረችላቸው፤ ስንት ዓመት ተጠብቆ መጡና ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ቤት ቤዝመንት ገቡ። ረጅም ሰው ናቸው፤ የቤዝመንታችን ጣሪያ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። ቤት ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ቀኑን ሙሉ ለሆነ ባለሥልጣን እጅ የሚነሱ ይመስላሉ። ሥራ ያገኙት አሌክሳንድሪያ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። እኔም እዚያው አሌክሳንድሪያ የሆቴል እንግዶች የሚያመላልስ ሻትል ስለምነዳ ጠዋት ጠዋት በእኔ መኪና አብረን እንሄድ ነበር። ከእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ይበቃቸዋል፤ «ሄሎ» እና «ፉል»፣ ሞልቷል ለማለት። ፓርኪንግ ውስጥ ከዚያ በላይ አያስፈልግም ይላሉ። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ እኔ አለሁ። ሐኪም ጋ ቀጠሮ የምይዝላቸው እኔ፣ ባንክ የምገባላቸው እኔ፣ ከአለቃቸው ጋር በስልክ የምነጋገርላቸው እኔ። አፋቸውም ጆሯቸውም እኔ ነበርኩ። ይህንን ያዙልኝ።

ያን ዓመት ፋሲካ ዘግይቶ ነው የዋለው። ቨርጂኒያ ዛፉ ሁሉ ቅጠል አውጥቷል፣ ሣሩ ጉልበት ደርሷል። እኛ የቅርጫ ሰዎች በዋዜማው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በየመኪናችን ተሰልፈን በሬ ወደምንገዛበት እርሻ ሄድን። የእርሻው ባለቤት አንዲት በዕድሜ የገፋች አሜሪካዊት ናት። በበጋም በክረምትም ቦት ጫማዋን ስለማታወልቅ እትዬ ቦቲ እንላታለን። ይህንን ስም እሷ አታውቀውም፤ እሱንም አልተረጎምኩላትም።

አራጁም፣ ገፋፊውም፣ ሥጋውን በየመደቡ የሚያከፋፍለውም ጋሼ ሙሉጌታ ናቸው። ሌሎቻችን እንይዛለን፣ ውሃ እናቀብላለን፣ ምክር እንለግሳለን። የእኔ ድርሻ ምክር ነው። እሳቸው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ሣሩ ላይ ተንበርክከው ጠዋቱን ሙሉ ሲሠሩ ዋሉ። አከፋፈላቸውን ማንም አይጠራጠርም። ጉበቱ፣ ጨጓራው፣ ሻኛው በየመደቡ እኩል ነው። አገር ቤት ዕጣ በእንጨት በሣር ይወጣል፤ እኛ በመኪና ቁልፍ ነው የምናወጣው። ቁልፎቻችንን ሰብስበው በእጃቸው ያንቀጫቅጩና ሳያዩ በየመደቡ ላይ ይጥላሉ። ቁልፍህ ያረፈበት ሥጋ ያንተ ነው።

ልንጨርስ ስንል እትዬ ቦቲ መጣች። እኔን ጠራችኝና እንዲህ አለችኝ። በአጥሩ ጥግ ያለው ረጅም ሣር ውስጥ መዥገር ሞልቷል፤ ዘንድሮ ደግሞ ብሶበታል። ቤታችሁ ስትገቡ ልብሳችሁን አውልቁና ገላችሁን በሙሉ ፈልጉ፤ ከጉልበት ኋላ፣ ብብት ውስጥ፣ ወገብ ላይ፣ ፀጉር ውስጥ። የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ናት፣ ስትነክስ አታምም። ካገኛችኋት በወረንጦ ከሥሯ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሏት። በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ ወይም ቀይ ክብ ነገር ገላችሁ ላይ ከወጣ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ መዥገር ያለበት ቦታ ነበርኩ በሉ። የሷ ባል ችላ ብሎት ብዙ ተሠቃይቷል። «ንገራቸው፣ እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኳት። በደንብ ነው የሰማኋት። የእኔ እንግሊዝኛ የሾፌር እንግሊዝኛ ነው፤ ይህንን ለመረዳት ግን ከበቂ በላይ ነበር።

ሁሉም እጃቸው ደም እንደሆነ ቆመው ያዩኛል። ተካ፣ ከጋሼ ሙሉጌታ ጋር ፓርኪንግ የሚሠራው፣ «ምን አለች?» አለ። እንግዲህ ያን ሁሉ ሰው ጸጥ ብሎ ሲጠብቀኝ ሳይ እኔ ራሴን መግዛት አልችልም።

«ቤታችሁ ስትገቡ ታጠቡ፣ ከላሞቼ ብሳችሁ ሸታችሁ ነው የምትለው» አልኩ።

ሳቁ። ጋሼ ሙሉጌታ ቢላቸውን እየጠረጉ ቀና ብለው፣ «የገዛነው በሬዋን፤ እሷ እኛን ምን ብላ ታሸትተናለች» አሉ። የባሰ ተሳቀ። እኔ ወደ እትዬ ቦቲ ዞሬ፣ በጣም እናመሰግናለን ይላሉ አልኳት። ደስ ብሏት አውራ ጣቷን አሳየችን። እኛም በሙሉ አውራ ጣታችንን አሳየናት።

በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። መንገድ ላይ። መኪና ውስጥ ግን ስለ ሻኛው ተጨቃጨቅን፣ ረሳሁት።

ረሳሁት ነው ያልኩት? ተመልከቱኝ፣ ገና ከመጀመሬ ዋሸሁ። ረስቼው ቢሆን ቤት እንደገባን ለምን ሻወር ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ? የሰብለን የእጅ መስታወት ይዤ ነው የገባሁት። መስታወቷ ትንሽ ናት፣ እኔ ሰፊ ነኝ፤ ራሴን በየክፍለ ከተማው ነው የፈለግኩት። ቦርጬን ወዲያ እየገፋሁ፣ እግሬን ገንዳው ላይ ሰቅዬ፣ አንገቴ እስኪጠመዘዝ ድረስ። አገኘኋት። ከቀበቶዬ ሥር፣ ጎኔ ላይ፣ እግሮቿን አንፈራጥጣ ተጣብቃለች። በሩን ገርበብ አድርጌ ሰብለን ወረንጦ ጠየቅኳት። ምን ልታደርግበት ነው አለችኝ። ቅንድቤን ለፋሲካ ልቀነደብ አልኳት። እየሳቀች ሰጠችኝ። ነቀልኳት፣ በሽንት ቤት ወረቀት ጠቀለልኳት፣ ውሃ ለቀቅኩባት።

ቀልዱን ለእነሱ፣ መስታወቱን ለራሴ።

ጋሼ ሙሉጌታ ያን ሰዓት የት ነበሩ? ከእግሬ ሥር ነበሩ። ቤዝመንት ውስጥ፣ ለቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን እያዘጋጁ። ወለሉን በተረከዜ ብመታው ይሰሙኝ ነበር። ያን ያህል ቅርብ። ታዲያ ለምን አልመታሁትም? ይህንን ጥያቄ ስንት ዓመት አገላበጥኩት መሰላችሁ። መልሱ በጣም ትንሽ ነው፣ ስለ ትንሽነቱም አፍራለሁ። ወርጄ ብነግራቸው፣ ሴትዮዋ ያላለችውን ነው የነገርኩዎት ማለት ነበረብኝ። ታጠቡ ማለቷ የኔ ፈጠራ ነው ማለት ነበረብኝ። ከዚያ በኋላ ስተረጉምላቸው ያምኑኛል? የፈራሁት እሱን ነው። እንዳይጠረጥሩኝ ፈራሁ።

ፋሲካ ካለፈ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ጋሼ ሙሉጌታ ትኩሳት ያዛቸው። ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ አንገታቸው አልዞር አለ። ሰብለ ምች ነው አለች። ፍሪዘር ውስጥ ከአገር ቤት የመጣ ዳማከሴ ነበራት፤ አሽታ ጨምቃ በሻይ አጠጣቻቸው፣ ፊታቸውንም ቀባቻቸው። በማግሥቱ እኔን ብቻ ወደ ቤዝመንት ጠሩኝ። ለእህታቸው ሱሪ ማውለቅ ስላፈሩ ነው። ከጉልበታቸው ኋላ፣ ወደ ጭናቸው ከፍ ብሎ፣ ቀይ ክብ ወጥቷል። መሐሉ ቀይ፣ ከዚያ የገላ መልክ፣ ከዚያ ዙሪያውን ደግሞ ቀይ። አያሳክክም፣ ግን በየቀኑ ይሰፋል አሉኝ። ጭርት ይሆን እንዴ አሉኝ።

ያን ሰዓት እትዬ ቦቲ ትዝ አለችኝ። ትዝ አላለችኝም ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ቦት ጫማዋ ሳይቀር ትዝ አለኝ። እና ምን አልኩ?

«ጋሼ፣ ዋሽንግተንን የሚዞረውን ቤልትዌይ እኮ እግርዎ ላይ አሠርተውታል፤ መውጫው፣ ኤግዚቱ ብቻ ነው የቀረው።»

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቀጥዬ፣ አዎ ጭርት ነው፣ የጭርት ቅባት አመጣለሁ አልኩ። አመጣሁ። ተቀቡት። ክቡ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ጠፋ። ትኩሳቱም ለቀቃቸው። ሰብለ ዳማከሴውን አመሰገነች፣ እኔ ቅባቱን አመሰገንኩ። አሁን የማውቀውን ያኔ አላውቅም ነበር፤ ያ ክብ ባትነካውም ይጠፋል። የጠፋው ክቡ ነው እንጂ በሽታው አይደለም። በሽታው በደም ሄዶ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ያን ሳምንት ሐኪም ቢያያቸው ኖሮ ተራ አንቲባዮቲክ፣ ጥቂት ሳምንት የሚዋጥ ኪኒን፣ ይበቃቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው እሳቸውን መጠርጠር የጀመርኩት።

ጋሼ ሙሉጌታ ጠዋት መነሳት አቃታቸው። ድካም ነው የሚሉት። አንድ ቀን ትከሻዬን አሉ፤ በሌላ ቀን ቁርጭምጭሚቴን፤ ከዚያ ጉልበቴን። እኔ በልቤ፣ ይሄ ሕመም አድራሻ የለውም እንዴ እላለሁ። ሥራ ጠልተው ነው። ታናሽ እህታቸው ስላለች መጦር አምሯቸው ነው። መኪና ውስጥ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ አተነፋፈሳቸውን አዳምጣለሁ፣ የእውነት ነው ወይስ የማስመሰል ብዬ። መንገዳችን ላይ ያለው የወንዙ ድልድይ ጋ ስንደርስ ሆን ብዬ ፍሬን እይዛለሁ፣ ሲነቁ ዓይናቸውን አያለሁ። ቀልቷል። ለምን ቀላ? አንድ ቀን ቤዝመንቱን ላጸዳ ብዬ ወርጄ ከአልጋቸው ሥር ጠርሙስ አየሁ። በጋዜጣ ተጠቅልሏል። ለምን ተጠቀለለ? አልከፈትኩትም። አላሸተትኩትም። ብከፍተው እኮ ነገሩ ይለይ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንዲለይ አልፈለግኩም። ጥርጣሬውን ወድጄው ነበር።

ለምን እንደወደድኩት ይገባችኋል? እሳቸው ጠጪ ከሆኑ መዥገሯ የለችም። ሰነፍ ከሆኑ መዥገሯ የለችም። ያ ሁሉ ጥርጣሬ ከአንዲት የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ነገር ላይ ዓይኔን የማነሳበት ዘዴ ነበር።

ለሰብለ፣ ወንድምሽ አልጋ ሥር ጠርሙስ አለ አልኳት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። አየሁት ነው ያልኩት፤ አይቼዋለሁ። እየውላችሁ፣ እኔ ውሸቴን በእውነት ነው የምሠራው። ሰብለ ከዚያ ቀን ጀምራ የወንድሟን ብርጭቆ ከማጠቧ በፊት ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። ጋሼ ሙሉጌታ አንድ ቀን ይህንን ሲያዩ እኔ አየኋቸው።

አንድ ጠዋት ደረጃውን ወጥተው ሻይ ሊጠጡ ተቀመጡ። ሻዩ ከአፋቸው ጥግ ወደ ሸሚዛቸው ፈሰሰ። ግራ ፊታቸው ወርዷል። ግራ ዓይናቸው አይከደንም። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ ከጠዋቱ ጀመሩ እንዴ ነው ያልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን የጠላሁት ያኔ ነው፤ የመጨረሻው ግን አልነበረም። ሰብለ ሥራ ላይ ነበረች፤ አረጋውያን ነው የምትንከባከበው፣ ተተኪ ሳይመጣ መውጣት አትችልም። ኮል ሳደርግላት እያለቀሰች፣ ምች ነው፣ ፊታቸውን ነው የመታቸው፣ ቶሎ ውሰዳቸው አለችኝ። ኢመርጀንሲ ወሰድኳቸው።

እዚያ ነርሷ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ላስገባላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። አያስፈልግም፣ ቤተሰብ ነኝ፣ እኔ አለሁ አልኳት። ይህንንም ያዙልኝ።

ዶክተሯ ወጣት ነበረች፣ ረጋ ያለች። እጅዎን ያንሱ አለቻቸው፣ ይሳቁ አለቻቸው፣ ቅንድብዎን ከፍ ያድርጉ አለቻቸው። አንጎላቸውንም በመሣሪያ አየች። ግንባራቸው በግራ በኩል ስላልተጨማደደ ስትሮክ አይደለም፣ የፊት ነርቭ ነው አለች። ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ መጠየቅ ጀመረች። ጫካ ወይም ረጅም ሣር ውስጥ ነበሩ? መዥገር ነክሷቸዋል? ገላቸው ላይ ክብ ነገር ወጥቶ ነበር? መገጣጠሚያቸውን ያማቸዋል?

ሁሉንም ነው የጠየቀችው። የጎደለ ጥያቄ አልነበረም። መልሱን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጧል፤ እኔ።

ወደ ጋሼ ሙሉጌታ ዞርኩ። «ጋሼ፣ ጫካ ሄደው ያውቃሉ ወይ ትላለች» አልኳቸው።

«ጫካ ምን ልሠራ? ሽፍታ መሰልኳት?» አሉ። በግማሽ ፊታቸው ሳቁ። የቀረው ግማሽ ዝም ብሎ ያየኛል።

ለዶክተሯ ኖ አልኳት። መዥገርስ አለች። ኖ። ክብ ነገርስ? ኖ። ጉልበታቸውንስ? ዕድሜ ነው አልኳት። ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ።

«አልጠየቅካቸውም እኮ» አለችኝ።

«ቤቴ ነው የሚኖሩት፣ አውቃቸዋለሁ» አልኳት።

እንግዲህ የእኔ ኃጢአት ይቺ ናት። የእርሻው ቀልድ ነው፤ አምልጦኝ ነው ልበል። ይቺ ግን አላመለጠችኝም። መዥገር የምትለዋን ቃል በአማርኛ ብናገራት ጋሼ ሙሉጌታ እርሻውን ያስታውሳሉ፣ ክቡን ያስታውሳሉ፣ ያኔ አይተኸው አልነበረም ወይ ይሉኛል። ስለዚህ ዋጥኳት። ሐኪም ፊት ቁጭ ብዬ የሰው መድኃኒት ዋጥኩ። ለፊታቸው የሚሆን ኪኒን፣ ለዓይናቸው ጠብታ ተሰጣቸው። በዚህ ሳምንት የራሳቸው ሐኪም ይያቸው፣ ደማቸው ይመርመር ተባለ። ቀጠሮ መያዝ የእኔ ሥራ ነበር። አልያዝኩም። ፊታቸው ቀስ በቀስ ሲመለስ፣ እንኳን አልያዝኩ፣ ዳኑ አይደል ወይ አልኩ።

ሰብለ ያን ሰሞን ወንድሟን፣ «ጋሼ፣ ይጠጣሉ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻቸው። በአክብሮት ነው የጠየቀችው፣ እያለቀሰች።  እሑድ ተካ መኪናውን ይዞ መጣና ሻንጣቸውን ጫነ። አሌክሳንድሪያ ከእሱ ጋር ሊኖሩ ነው፤ ለሥራ ይቀርበኛል አሉ። በር ላይ እኔን ሲሰናበቱኝ፣ «ደሴ፣ ጣሪያህ ዝቅ አለብኝ» አሉኝ። መቼም ለዚህ የሚሆን ቀልድ አላጣም ነበር። አፌ አልከፈትም አለኝ።

ሲሄዱ ቤዝመንት ወርጄ ጠርሙሱን ከጋዜጣው አወጣሁት። ሆምጣጤ ነው። ጉልበታቸውን የሚያሹበት። እንዳይሸት ነው የጠቀለሉት፤ ቤታችን እንዳይሸት። ጠርሙሱን መኪናዬ ውስጥ ደበቅኩት እንጂ ለሰብለ አላሳየኋትም።

ክረምቱ ሲገባ ተካ ኮል አደረገኝ። የጋሼ ሙሉጌታ ጉልበት አብጦ ሐብሐብ አክሏል፤ ፓርኪንግ ውስጥ መቆም አልቻሉም። እዚያው አሌክሳንድሪያ ክሊኒክ ወስዷቸዋል። ክሊኒኩ አስተርጓሚ በስልክ አስገባ። አንዲት ልጅ ናት፣ የት እንደምትኖር እንኳ የማይታወቅ፣ ድምፅ ብቻ። ሐኪሙ የጠየቀውን ጥያቄ ምንም ሳትጨምር ምንም ሳታስቀር፣ መዥገር ነክሶዎት ያውቃል ወይ አለቻቸው። እሳቸው ትንሽ አሰቡና፣ ለፋሲካ እርሻ ሄደን ነበር አሉ። ከዚያ ሁሉም ነገር ተከታትሎ ወጣ፤ ክቡ፣ ትኩሳቱ፣ ፊታቸው። ደማቸው ተመረመረ። «ላይም» የሚባለው በሽታ ነው ተባለ። የሚያስተላልፈው መዥገር ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም፣ መድኃኒትም አለው። ግን ቆይቷል። ከጉልበታቸው ውሃ ቀዱላቸው፣ የመጀመሪያው ሰሞን ቢሆን ከሚወስዱት የረዘመ አንቲባዮቲክ ሰጧቸው። «ሐኪሙ፣ እስከ ዛሬ ማንም እንዴት አልጠየቃቸውም ብሎ ተገረመ» አለኝ ተካ። እኔ ስልኩን ይዤ፣ እኔም ገረመኝ አልኩት።

ለሰብለ ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። መዥገር ስላት ቢላዋውን አስቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ያን ዕለት ወረንጦዬን ወስደህ አልነበር?» አለችኝ። ለቅንድቤ አልኳት። ቅንድቤን አየችው። ቅንድቤ እንደ ድሮው ጫካ ነው። ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም፤ ወረንጦዋን ግን ከሻወር ቤት አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ማስቀመጥ ጀምራለች። ታውቃለች? አታውቅም? አሁን ተጠርጣሪው እኔ ነኝ፤ ፍርዴን ግን የሚነግረኝ ሰው የለም።

ጋሼ ሙሉጌታ ዳኑ። ዳኑ ሲባል እንዲህ ነው፤ በሽታው ወጣላቸው፣ ያበላሸው ቀረ። ግራ ጉልበታቸው እንደ ድሮው አይታጠፍም። ስቅለት ዕለት ሁሉም ሲሰግድ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ብቻ ነው የሚደፉት። ሲስቁ ግራ ዓይናቸው ከቀኙ በፊት ይከደናል።

በዓመቱ ፋሲካ እንደገና እርሻው ሄድን። እሳቸው ለማረድ መንበርከክ ስላልቻሉ ታጣፊ ወንበር አመጣንላቸው፤ ተካ ሲሠራ ከላይ ሆነው ያዝዙታል። ማከፋፈሉን ግን ማንም አልወሰደባቸውም። እትዬ ቦቲ መጥታ ጠራችኝና ያንኑ ተናገረች። እኔ ተረጎምኩ። ከጉልበት ኋላ አልኩ፣ ብብት ውስጥ አልኩ፣ ወረንጦ አልኩ፣ ቀይ ክብ አልኩ። አንዲት ቃል አላስቀረሁም፣ አንዲት ቀልድ አልጨመርኩም። ሰው ሁሉ፣ ደሴ ታመሃል እንዴ ይላል።

ጋሼ ሙሉጌታ ቁልፎቻችንን እያንቀጫቀጩ አንድ በአንድ በየመደቡ እየጣሉ ነበር። አቆሙ። ጣታቸው ውስጥ የቀረው የእኔ ቁልፍ ነው።

«አምናም እንዲህ ነበር ያለችው?» አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእኔ ብቻ።

በሩ ተከፈተልኝ። ከዚህ የበለጠ እንዴት ይከፈታል? እንደ ሐኪሟ አላፋጠጡኝም፣ እንደ ሰብለ አላዩኝም። ዝም ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ ብል ያልቅ ነበር።

«አይ ጋሼ፣ ይህንን ዘንድሮ ነው የጨመረችው» አልኳቸው።

አዩኝ። ግራ ዓይናቸው ከቀኙ በፊት ተከደነ። ሳቁ ልበል? ጠቀሱኝ ልበል? ነርቩ ነው ልበል? እስከ ዛሬ አላውቅም። ቁልፌን አንዱ መደብ ላይ ጣል አደረጉና፣ «በል፣ ያንተ ይሄ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ፋሲካ አልፏል። በየዓመቱ እትዬ ቦቲ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀድሜ ስለ መዥገር እሰብካለሁ። ዶክተር መዥገር ብለውኛል። ሚስቶቻቸው ያመሰግኑኛል፤ ጋሼ ሙሉጌታ የደረሰባቸውን ስላየ ነው፣ አዛኝ ሰው ነው ይሉኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን እቀበላለሁ። ይህንንስ ምን ትሉታላችሁ?

አላወቅኩም አልልም፤ አውቄያለሁ። ቀልደኛ ስለሆንኩ ነው አልልም፤ ሐኪሟ ፊት አልቀለድኩም። ይቅርታም ከእናንተ አልጠይቅም። ጉልበታችሁ ይታጠፋል፤ በእኔ ላይ ምን አላችሁ? ይቅርታው ያለው አሌክሳንድሪያ ነው። ሆቴሌ ከፓርኪንጉ ሩቅ አይደለም፤ በየቀኑ በደጁ አልፋለሁ። እሳቸው ታጣፊዋ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ መኪና ሲመጣ እጃቸውን አንስተው «ፉል» ይላሉ። ሻትሌን አቁሜ ልወርድ ብዬ በሩን የከፈትኩበት ቀን አለ። እጃቸውን አነሱልኝ። እኔም አነሳሁና በሩን ዘጋሁት።

ሰሞኑን እነግራቸዋለሁ። ነግሬያቸው ስመለስ፣ በቃ ነገርኳቸው፣ ይቅር አሉኝ ብዬ አወራላችኋለሁ፤ አሳምሬ፣ አስቄ፣ በእሳቸው ድምፅ ሳይቀር።

እንዳታምኑኝ። ሄዳችሁ እሳቸውን ጠይቁ። አማርኛ ነው፤ አስተርጓሚ አያስፈልጋችሁም።